«ትንሽ ተጠጉ»፦ የሁለት ሙሽሮች የዋልዝ ጉዳይ

ቅዳሜ ቅዳሜ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዳንስ አስተምራለሁ። ባልሩም የሚባለውን፣ ወንድና ሴት ተያይዘው የሚደንሱትን። ዛሬ የምጽፈው ከተማሪዎቼ ስለ አንድ ጥንድ ነው። ስማቸውን አልጠራም። እንድጽፈው ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል፣ ጽሑፉንም ቀድመው አንብበው ሁለት ቦታ ላይ አርመውኛል።

ጉዳዩ የሰውነት ንክኪ ነው። ስቴፕ ማስተማር ቀላል ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለህ፣ ካሬ ታስረግጣለህ፣ በሁለት ሳምንት ሁሉም ይይዘዋል። እኛ ሰፈር ደግሞ መቁጠር ጭራሽ ችግር ሆኖ አያውቅም። ችክችካችን በ6/8 የሚሄድ ነው፣ ሦስት ሦስት እያሉ መስማት ጆሯችን ያደገበት ነገር ነው። ሁለት ሰው ገላውን አገናኝቶ እንዲሄድ ማስተማር ግን ሌላ ስራ ነው። እኔ ስማር አሰልጣኜ «ተጠጉ፣ ተጠጉ» ከማለት በቀር ምንም አልነገረችኝም፤ እኔም ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስል ኖርኩ። እነዚህ ሙሽሮች ናቸው ያስተዉኝ።

ሰዎቹና ቦታው

የምናስተምርበት የብሎኮቹ የጋራ ህንፃ ነው፣ ሰፈሩ «ኮሚናል» የሚለው። እድር ይሰበሰብበታል፣ በዓል ሲመጣ ቅርጫ ይመደብበታል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለእኛ ይከራያል። ወለሉ የሲሚንቶ ልስን ስለሆነ እግር አያንሸራትትም፤ ተማሪዎቼ ጫማቸው ላይ አሮጌ ካልሲ ያጠልቃሉ። መስኮቶቹ ልጆች ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ይከፈታሉ። መጋረጃ የላቸውም። ይቺን የመስኮት ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስልጠናው የተጀመረው ህዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሰባት ጥንድ፣ አስራ አራት ሰው። ሙሽሮቹ ሰርጋቸው ጥር 19 እሁድ ነበር፣ ሰርጉ ላይ ሁለት ደቂቃ ዋልዝ መደነስ ፈለጉ። እሷ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እሱ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አዳዲስ ህንፃ ላይ መስመር ይዘረጋል። እሱ 1 ሜትር ከ84፣ እሷ 1 ሜትር ከ61። ይህ ቁጥር በኋላ ብዙ ጣጣ አምጥቷል። ሁልጊዜ አብረዋቸው የሚመጡት ሙሽሪትን ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ወንበራቸውን በሩ አጠገብ ያስጠጋሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ አይነቃነቁም።

ሌላ የማነሳቸው ሰው ጋሼ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከባለቤታቸው ጋር ነው የሚመጡት። በጃንሆይ መጨረሻ ላይ ወጣት ሆነው ዳንስ ቤት የሚሄዱ ሰው ነበሩ፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ተዉት። ዋልዝ አይሉትም። «ቫልስ» ነው የሚሉት፣ ስንደንስም እንደዛ እያሉ ነው የሚያርሙኝ።

ንክኪው ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ሳልናገር ብቀጥል የማያውቀው ሰው መተቃቀፍ ለምን ግድ ሆነ ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው።

ባልሩም ሁለት ወገን አለው። ላቲን በሚባለው፣ ለምሳሌ ሩምባና ቻቻ ላይ፣ ጥንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ተለያይተው በእጅ ነው የሚገናኙት። ስታንዳርድ የሚባሉት አምስቱ ግን፣ ዝግ ያለው ዋልዝ፣ ታንጎ፣ የቪየና ዋልዝ፣ ፎክስትሮትና ኩዊክስቴፕ፣ በገላ ንክኪ ነው የሚሄዱት። አያያዙ አምስት መገናኛ አለው። የእሱ ግራ እጅ የእሷን ቀኝ ይይዛል። የእሱ ቀኝ እጅ ከእሷ ግራ የትከሻ አጥንት ስር ያርፋል። የእሷ ግራ እጅ የእሱ ክንድ ላይ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ። የእሷ ግራ ክንድ በእሱ ቀኝ ክንድ ላይ ይጋደማል። አምስተኛው ገላ ነው፤ ከጎድን አጥንት ጫፍ ጀምሮ እስከ ታፋ መጀመሪያ ያለው ፊት ለፊቱ፣ ያውም በቀኝ በኩል ብቻ። ሙሉ ለሙሉ ፊት ለፊት አይቆምም። እሷ ትንሽ ወደ እሱ ቀኝ ትወጣለች፣ ሁለቱም አንዱ ከሌላው ቀኝ ትከሻ በላይ ወደየግራቸው ያያሉ።

ጥቅሙ ወሬ ቶሎ መድረሱ ነው። መሪው ወደፊት ሲሄድ ገላው ነው ቀድሞ የሚነሳው፣ እግሩ ይከተላል። ንክኪ ካለ እሷ ያንን በዚያው ቅጽበት ታውቃለች፣ እግሯን ከዳሌዋ ወደኋላ ትሰዳለች። ክፍተት ካለ ግን የምትሰማው በእጅ ነው። እጅ ዘግይቶ ነው የሚናገር። እሱ ይጎትታል፣ እሷ ትደርሳለች፣ የእሱ ጫማ ጫፍ የእሷን ጣቶች ያገኛል። ዝግ ባለው ዋልዝ ከ28 እስከ 30 ባር (ባር የሚባለው አንዱ የሦስት ምት ዙር ነው) ነው በደቂቃ የሚሄደው፣ ያ ማለት ከ84 እስከ 90 ምት፤ መሳሳቻ ጊዜ ይኖራል። በቪየናው ከ58 እስከ 60 ባር ሲሆን ግን ማን ማንን ይጠብቃል?

ንክኪው እንግዲህ የስሜት ጌጥ አይደለም። የስራ መሣሪያ ነው። እኔ ይህንን አውቅ ነበር፣ ለተማሪዎቼ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። የሚሰሙኝ «ተጠጉ» ስል ብቻ ነበር።

ህዳር 15

ሦስተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ በልምምድ አያያዝ ነበር የምንሰራው፤ ክንድ ለክንድ ተያይዞ፣ መሃል ላይ አንድ እንጀራ የሚያክል ክፍተት ትቶ። ያን ቀን ወደ ሙሉ አያያዝ ልውሰዳቸው ብዬ ተነሳሁ።

«ትንሽ ተጠጉ» አልኩ። ሙሽሮቹ ተጠጉ። በደረት ተጠጉ፣ በዳሌ ሸሹ። ጎናቸው ቆመህ ስታይ ጣሪያ የሚመስል ነገር ሠርተዋል። እሱ ክፍተቱን ለመዝጋት በቀኝ እጁ ጀርባዋን ጫነ። አምስቱም ጣቶቹ ሹራቧ ላይ ሲሰምጡ አየሁ። የእሷ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ግራ አውራ ጣቷ ክንዱን ቆንጥጦ ያዘ። ሁለት እርምጃ ሄደው እግር ለእግር ተረጋገጡ።

«ቆይ እኔ ላሳይ» አልኩና ከእጁ ወሰድኳት። ሳልጠይቅ። በሙሉ አያያዝ፣ በሙሉ ንክኪ፣ አዳራሹን ግማሽ ዙር ዞርኩባት፤ እየዞርኩ ለሌሎቹ «አያችሁ? አያችሁ እንዴት እንደሚሰማት?» እላለሁ። ስለ እሷ ስሜት ነው የማወራው እንግዲህ። እሷ ትንፋሿን ይዛለች። በእጄ መዳፍ ስር ጀርባዋ ጣውላ ሆኗል። ተሰምቶኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው፣ ይለቃታል ብዬ ቀጠልኩ።

ስንቆም ማንም አልተናገረም። ልጆች በመስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ፣ አንዱ ያፏጫል። ሙሽራው ጃኬቱን ከወንበር ላይ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። እትዬ ቦርሳቸውን ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ መሸብን» አሉኝ። አስር ሰዓት ከሩብ ነበር።

ህዳር 22 አልመጡም። ህዳር 29ም አልመጡም።

የሰራሁትን ስህተት በልኩ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ አሰልጣኝ እንዲህ ያደርጋል፣ በቪዲዮ የምናያቸው የውጭ አሰልጣኞችም ተማሪ አንስተው ያሳያሉ፤ ይህ ግን ሰበብ አይሆንም። እጮኛው ፊት፣ አክስቷ ፊት፣ መንገድ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ እያየ፣ ያልጠየቅኳትን ሴት ደረቴ ላይ አስጠግቼ መማሪያ አደረግኳት። ዳንሱን ብትወድ እንኳን ያን ቀን ልትጠላው ትችል ነበር።

ነርሷ ያስተማረችኝ

በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩ። ገንዘባቸውን ልመልስ እንደምፈልግ፣ ከዚያ በፊት ግን ይቅርታ መጠየቅ እንደምሻ ነገርኳት። ከስራ ስትወጣ ጤና ጣቢያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ተገናኘን፣ እሱም መጣ። ጾም ስለነበር ሻይ ብቻ ነው የጠጣነው።

«ቲቸር፣ አልተቀየምኩህም» አለችኝ። «ግን ልትይዘኝ ነው ብለህ አልነገርከኝም። እኔ ስራዬ ሰው መንካት ነው። ሆድ ስጫን፣ መርፌ ስወጋ፣ ልብስ ሳስገልጥ። አንድም ቀን ዝም ብዬ ነክቼ አላውቅም። ‹እማማ፣ አሁን በቀኝ በኩል ልጫንዎት ነው፣ ካመመዎት ይንገሩኝ› እላለሁ። የት እንደምነካት አስቀድማ ካወቀች ሰውነቷ ይላላል። ካላወቀች እንደ ድንጋይ ነው። ምንም አታገኝበትም።»

እሱ የተናገረው አጭር ነው። «እኔን ሰው ሁሉ ሲያየኝ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም።»

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የእሷን አባባል ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። የት፣ መቼ፣ ለምን እንደሚነካ አስቀድሞ መናገር፣ ካመመ እንዲነግሩኝ ማለት። ከዚያ የራሴን የማስተማሪያ ቃላት ከጎኑ ጻፍኩ። «ተጠጉ» ብቻ ነበር ያለኝ። ተጠጉ የሚለው ቃል የት እንደሚጠጉ አይናገርም፣ እስከ ምን እንደሚጠጉም አይናገርም። ስለዚህ ሰው በሚያውቀው መንገድ ይሞላዋል። ወይ መተቃቀፍ ይሆናል፣ ወይ መሸሽ።

አንዳንድ አሰልጣኞች «የእኛ ባህል ንክኪ አይወድም፣ ዝለለው» ይሉኛል። አልስማማም። እኛ እኮ ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ የምንሳሳም፣ በእጃችን ጠቅልለን የምናጎርስ፣ ታክሲ ውስጥ ለሦስት ሰው መቀመጫ አራት ሆነን የምንሄድ ሰዎች ነን። እነዚህ ሁሉ ግን ወግ አላቸው፣ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያበቁ ሁሉም ያውቃል። የዋልዙ ንክኪ ያ ወግ አልነበረውም። ማስተማር ያለብኝ እሱን ነበር።

ጋሼ ሰላም ሲሉ

ታህሳስ 6 ተመለሱ። ክፍሉን ወደ 10 ሰዓት አዛውረነዋል። ሙሽራው በሩን ገና ሲያልፍ ጋሼ አዩት። «የት ጠፋህ አንተ ልጅ!» ብለው ሄዱ። ቀኝ እጃቸውን ሰጡት፣ ያዘ፣ ቀኝ ትከሻ ከቀኝ ትከሻ ጋር ተጋጨ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የሁላችንም ሰላምታ ነው፣ በቀን አስር ጊዜ የማየው።

በዚያ ቀን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። «ቁሙ! ጋሼ፣ እንደዛው ቁሙልኝ» አልኩ። ደንግጠው ቆሙ።

እዩት እንግዲህ። ቀኝ በቀኝ ነው። ማንም ሰው ሰላም ሲል ደረቱን ፊት ለፊት አያጋጭም፤ ሳያስበው ወደ ግራው ትንሽ ይወጣና በቀኝ ወገኑ ይገጥማል። ጭንቅላታቸው አይጋጭም፣ አንዱ ከሌላው ትከሻ በላይ ያያል። የዋልዝ አቋቋም ይኸው ነው! ለተማሪ ለማስረዳት «ግማሽ ገላ ወደ ቀኝ» እያልኩ ሳምንት የምፈጅበትን ነገር ጋሼና ሙሽራው በሁለት ሴኮንድ ቆመውበታል፣ ያውም ያለ ምንም እፍረት።

ሁሉንም ሰላም አስባልኳቸው። ባል ሚስቱን፣ እጮኛ እጮኛውን፣ በትከሻ። ሳቁ፣ ባልና ሚስት እንዲህ ሰላም አይባባልማ። ሦስተኛዋ ላይ ቁሙ አልኩ። ከዚያ በዝግታ እንሄዳለን። አከርካሪህን ቀጥ አድርግ። ክብደትህ በራስህ እግር ላይ መሆኑን እይ፤ ጓደኛህ ዘወር ብትል አትወድቅም? ቀኝ እግርህ በእሷ ሁለት እግሮች መሃል ወዳለው ቦታ ይጠቁም። አሁን ትከሻችሁን ቀስ ብላችሁ አላቁ፣ ከታች ያለውን አታላቁ። እዚህ ላይ ሰላምታውና ዋልዙ ይለያያሉ። ሰላምታ ላይ ትከሻ ቀድሞ ዳሌ ወደኋላ ይቀራል። ዋልዝ ላይ ደግሞ የጎድን አጥንት ጫፍና ወገብ ይገናኙና ጭንቅላት ይራራቃል፣ ሴቷ በተለይ ከላይ ወደ ግራዋና ወደኋላ ትከፈታለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ጨመርን። ሙሉ አያያዝ ከመግባቱ በፊት መሪው ይጠይቃል። «ልያዝሽ?» ይላል። እሷ ወይ «እሺ» ትላለች፣ ወይ «በክንድ» ትላለች። በክንድ ካለች የልምምድ አያያዝ ነው፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ወንዱም «በክንድ» ማለት ይችላል። ጥንድ እየቀያየርን ስንለማመድ ሁልጊዜ በክንድ ነው፤ ሙሉ አያያዝ ከራስ ጓደኛ ጋር ብቻ። በብዙ ቦታ መቀያየሩ በሙሉ አያያዝም ይደረጋል፣ ለመማር እንደሚረዳም አውቃለሁ። ለእኛ ሰፈር ግን ይህ ይበቃናል። እኔ ደግሞ ሴት ተማሪ ላይ ማሳየት ካለብኝ የጋሼን ባለቤት ጠይቄ ከእሳቸው ጋር አሳያለሁ። እሳቸው ከሁላችንም ይሻላሉ።

ሙሽሪት መጀመሪያ ቀን «በክንድ» አለች። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው «እሺ» አለች።

ወረቀቷ

ታህሳስ 13 ከመጀመራችን መብራት ሄደ። ዘፈኑን በስልክ አደረግነው፣ ስልኩን ለድምፅ ብለን ባዶ ድስት ውስጥ ከተትነው። ከማስታወሻዬ አንድ ቅጠል ቀድጄ ለሙሽሮቹ ሰጠሁ። በመሃላችሁ ያዙት፣ በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ስር፤ በእጅ አትንኩት፣ ይዛችሁት አንድ ዙር ሂዱ።

ይህ የታወቀ ልምምድ ነው። ክፍተት ካለ ወረቀቱ ይወድቃል። ከተጫናችሁ ይጨማደዳል። ሁለቱም ካልሆነ ልክ ናችሁ። ጥሩነቱ ስለ ወረቀት እንጂ ስለ ገላ አለማውራታችን ነው። «ደረትሽን» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አይነሳም። «ወረቀቷ ወደቀች»፣ «ወረቀቷ ተጨማደደች» ነው ወሬው ሁሉ።

አራት ጊዜ ወደቀች። በአምስተኛው አንድ ሙሉ ዙር ሄዱ። ሳነሳት በእሱ በኩል ያለው ገጽ በላብ ረጥቦ ቀለሙ ፈስሷል፣ በእሷ በኩል ደረቅ ነው። ይህ ምን ይላል? እሱ ወደ እሷ ተደግፏል፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። ለካ ስትሸሽ የነበረው ለዚህ ነው! አንድ ሜትር ከ84 የሆነ ሰው ክብደቱን ይዞ ሲመጣባት ምን ታድርግ፣ ወደኋላ ነው የምትሄደው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷ ላይ «አትፍሪ» ስል ከርሜ ችግሩ እሱ ጋ ነበር።

ለምን እንደሚደገፍ ስንፈልግ ቁመቱ መጣ። ሊደርስላት ብሎ ከወገቡ ጎንበስ ይላል። ሠርጓ ላይ የምታደርገውን ጫማ እንድታመጣ ነገርኳት፣ 8 ሴንቲ ተረከዝ አለው። ልዩነቱ ከ23 ወደ 15 ወረደ። እሱን ደግሞ አትጎንበስ፣ ጉልበትህን አላላ፣ ጀርባህን ተወው አልኩት። የተያያዘውን እጃቸውን በእሷ ዓይን ቁመት አደረግነው፤ ደንቡ በአጭሩ ሰው መለካት ነው። እሷን የሚያገኛት እሱ በለመደው ቦታ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ በዳሌው አካባቢ ነው። ይህን ቦታ ለሁለቱም በስሙ ነገርኳቸው፣ እየጠቆምኩ፣ በራሴ ገላ ላይ። ታህሳስ 20 ላይ ወረቀቷ በሁለቱም በኩል ደረቅ ወጣች።

መስኮቱና እትዬ

አሁን ወደ መስኮቱ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ የሙሽሪትን ያህል ባይሆንም ሁሉም ያነሱት እሱን ነው። አንዷ «እኔ ባሌን አላፍረውም፣ የሱቁን ልጅ ነው የማፍረው» አለች። ጋዜጣና ማስቲሽ ገዝተን ታችኛውን ግማሽ ሸፈንነው። ላይኛው ብርሃን ያስገባል። ልጆቹ ሁለት ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። ብዙ ዘዴ ስፈልግ የከረምኩት ሰውዬ የዚህችን ጋዜጣ ያህል የሰራ ነገር የለኝም ብል አላጋነንኩም።

እትዬን ግን በጋዜጣ መሸፈን አይቻልም። አንድ ቀን እረፍት ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ? ይሄማ መተቃቀፍ ነው። በአደባባይ።»

እንግሊዞችም ልክ እንደ እርስዎ ነበር ያሉት አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1816 ዋልዝ በንጉሣውያኑ ግብዣ ላይ ሲደነስ ዘ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ ነውር ነው ብሎ ጽፏል፣ ወላጆችም ሴት ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ አስጠንቅቋል። ከዚያ በፊት በትላልቅ ግብዣ ላይ የሚደነሰው በእጅ ብቻ እየተነካኩ፣ በሰልፍ ነበር። መተቃቀፉ ነው ያስደነገጣቸው።

«ፈረንጆቹ ራሳቸው?» አሉ።

«ራሳቸው።»

«ታዲያ እንዴት ተዉት?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ዳንሱ ወግ እየያዘ መምጣቱ ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የዳንስ መምህራን ማህበር ተመሠረተ፣ በ1924 ደግሞ የባልሩም ክፍሉ ተቋቋመ፤ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ ገላ የት እንደሚገናኝ፣ እግር እንዴት እንደሚሄድ ተጻፈ፣ መምህራን በፈተና የሚያልፉበት ሆነ። ለእትዬ በዚህ ዝርዝር አልነገርኳቸውም። «የት እንደሚነካ ደንብ አወጡለት» ነው ያልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ደንቡ ምንድነው?» አሉኝ። ጋሼና ባለቤታቸው ተነስተው አሳዩዋቸው። እትዬ ተነስተው የጋሼ ባለቤት ጀርባ ላይ የጋሼ እጅ የት እንዳረፈ ዞረው አዩ። በጣታቸው ነክተው። «ዝቅ አይልም?» «አይልም እትዬ።» ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሁሉንም ጥንድ እጅ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ሆኑ፤ የሙሽራው እጅ ዝቅ ሲል ከበሩ አጠገብ «ከፍ!» ይላሉ። እውነቴን ነው፣ የቀኝ ክንዱ መውደቅ የቀነሰው በእሳቸው ነው።

ቬሎው

ጥር 4 የመጨረሻ ቅዳሜያችን ነበር፤ ጥር 11 ጥምቀት ቅዳሜ ስለዋለ ክፍል አልነበረም። ቬሎውን ከሚያከራዩት ሰዎች ስሩ የሚገባውን ባለ ሽቦ ቀሚስ ብቻ ተውሳ አመጣች። ጂንሷ ላይ አጠለቀችው። ጥሩ አደረገች፣ ምክንያቱም የለመድነው ሁሉ ተበላሸ። ሽቦው ከወገብ በታች ያለውን ንክኪ ጨርሶ ይከለክላል፣ ሲገፋ ከኋላ ደወል መስሎ ይነሳል። የቀረው የጎድን አጥንት ጫፍ አካባቢ ያለችው አንዲት መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። እሱ እንደገና መጎንበስ ጀመረ።

እርምጃውን አሳጠርነው። ሙሉ ዙሩን ትተን ሩብ ሩብ መዞር አደረግነው። ለሰርግ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሙሽሪት አንድ ነገር አለች፣ ልክ ነበረች፤ «ቦታዋ ትንሽ ብትሆንም የት እንደሆነች ስለማውቅ አይጠፋብኝም።» ዓይኗን ጨፍና አንድ ዙር ሄደች። እሱ በዝግታ፣ ከገላው እየጀመረ። ካልሲው ከጫማው ወልቆ መሃል አዳራሽ ቀርቷል፣ ማንም አላነሳውም።

ጥር 19

ሰርጉ አያት አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከጋሼ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀመጥን። ዲጄው ዘፈኑን ከለመድነው ትንሽ ፈጠን አድርጎ ጀመረው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልቤ ተሰቀለ። ሙሽራው ወደ መሃል መራት። ቆሙ። ከሩቅ ከንፈሩን አየሁት። «ልያዝሽ?» ነው ያላት። ራሷን ነቀነቀች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ አልወጣም።

አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ። ሁለት ጊዜ ምቱ አመለጣቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቆመው አብረው ያዙት፤ ማንም አልጎተተም። ከዚያ ጓደኞቿ እልል ብለው ገቡና እስክስታው ቀጠለ። እትዬ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ሙሽራውን በዓይናቸው ሲከተሉ ነበር። ሲጨርስ ጠሩት፣ ጉንጩን ሳሙትና በጆሮው አንድ ነገር አሉት። በኋላ ምን አሉህ ብዬ ስጠይቀው «ክንድህ አልወረደም አሉኝ» አለ።

ከፋሲካ በኋላ ሁለቱ ተመልሰው መጡ፣ ፎክስትሮት መማር ፈልገው። በፎክስትሮት ላይ እሱ እንደገና ይደገፋል። ወረቀት ይዘን እንደገና ጀምረናል።